አዋ ዳና እና የዲምቱ ድንጋይ

ዘንድሮ መዶሻዬን አስቀመጥኩ። የወፍጮ ድንጋይ ወቃሪ ነበርኩ። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ሲፈጭ ፊቱ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ድንጋይ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አይፈጨውም። ያን ጊዜ ወቃሪ ይጠራል፤ ድንጋዩን አውርዶ ፊቱን በሾለ መዶሻ ይነቅስና ጥርስ አውጥቶለት ይመልሰዋል። ከሶዶ እስከ አረካ፣ ወዲያም እስከ ሃላሌ የኔ መዶሻ ያልነካው ድንጋይ ጥቂት ነው ብል ጉራ አይሆንብኝም። አሁን የእጄ አንጓ አልታዘዝ አለ። ባለወፍጮዎቹም ተዘጋጅቶ የመጣ ድንጋይ ይገዛሉ፣ ሲያረጅ ይጥሉታል። የሚጠራኝም የለም፣ ቢጠሩኝም እጁ የለም። ተቀመጥኩ።

ተቀምጬ ሳለሁ ዘነበች መጣች። ዘነበች አረካ አስተማሪ ናት፤ ሥራውን ያስተማሩኝ የአዋ ዳና የልጅ ልጅ። አዋ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። እኔን አልወለዱኝም፣ ግን በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም።

"ጋሽ ጎበዜ፣ ልጆቼ ስለ አያቴ የሚሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው" አለችኝ። "ዲምቱ ገበያ ላይ የወፍጮ ድንጋይ አፈንድቶ ሰው አሰናከለ ነው የሚሉት። ሌላውን አንተ ጻፍልኝ።"

"እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። መጽሐፍ ቅዱሴን በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ እንጂ ጽሕፈት ምን አውቃለሁ?"

"እንደምትናገረው ጻፈው። ፊደሉን እኔ አስተካክለዋለሁ።"

"ነገሩን ግን አታስተካክዪውም።"

"እሺ፣ አልነካውም።"

ያሰናከሉት የሚባለው ሰው እኔ ነኝ። ገበያ መሐል እያነከስኩ ባለፍኩ ቁጥር ሰው አዋ ዳናን ያነሣል። ያን ወሬ ለዓመታት ስቀልበው የኖርኩትም ራሴ ነኝ። "በትዕቢቱ ነው፤ ስጮህ እንኳ ዞር አላለም" እያልኩ። ጆሯቸው ከዚያ ቀን በፊት ሞቶ እንደነበር የሰማሁት እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ ነው። እንግዲህ የምጽፈው ስማቸውን ለመመለስ ነው። የዘነበች ልጆች ቢያነቡት ደግ፤ ለእሳቸው ግን ዘግይቷል።

ከአረካ ማዶ ካለ ቀበሌ ሶዶ የመጣሁት ገና ጢሜ ሳይወጣ ነው። ወፍጮ ቤት እህል እሸከም ነበር። አንድ ቀን ወፍጮው ቆመና አንድ ሰው የቆዳ ስልቻ አንግተው ገቡ። ድንጋዩን አስወርደው ፊት ለፊቱ ተቀመጡና በመዳፋቸው ይዳብሱት ጀመር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ ጆንያዬን ረስቼ ቆምኩ።

"ምን ቆመህ ታያለህ?" አሉኝ።

"ድንጋዩን ነው።"

"ድንጋይ አይተህ አታውቅም?"

"ሰው ድንጋይ ሲያነጋግር አላየሁም።"

ሳቁ። "በል ና፣ ጫፉን ያዝ። ከመለሰልህ ለኔም ንገረኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላቸው አልተለየሁም። አባታቸውም አያታቸውም ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ በእጅ ለሚፈጭ ወፍጮ እየጠረቡ ለገበያ ያወጡ ነበር። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ አዋ ዳና ወደ ትልቁ ድንጋይ ዞሩ። ወንዶች ልጆቻቸው ግን አንዱ ሹፌር ሆነ፣ አንዱ ቢሮ ገባ። መዶሻውን የፈለገ አልነበረም። ለባዳው ለኔ ያስተማሩኝ ለዚህ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ድንጋዩ መጀመሪያ ከጣራው ወራጅ ላይ በገመድ ይንጠለጠላል። ከዚያ በእንጨት መዶሻ ይመታል። ጤነኛ ድንጋይ እንደ ገጠር ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደወል ነው፤ ድምፁ ርቆ ይሄዳል። ውስጡ የተሰነጠቀ ግን "ደብ" ብሎ እዚያው ይቀራል። ሴቶች ገበያ ላይ እንስራ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው የለ? እንደዚያ ነው። ስንጥቅ እንስራ ውሃ ያፈስብሃል፤ ስንጥቅ ድንጋይ ግን በሞተር ሲዞር ይበተንና ሰው ይገድላል። ሳይመታ የሚገጠም ድንጋይ የለም።

እዚህ ላይ አዋ ዳና ከአባታቸው የወረሱት አንድ ሕግ ነበር። ድንጋዩን የሚመታው ታላቅ ነው። ታላቅ መትቶ "ደህና ነው" ካለ ሌላ ሰው ደግሞ አይመታም። ደግሞ መምታት "አንተን አላምንህም" ብሎ በሰው ፊት መናገር ነው። ነውር ነው። እኔም ይህን ሕግ ወድጄው ነበር፤ አንድ ቀን ታላቅ ስሆን ለኔም ይሠራል ብዬ።

ቀጥሎ ቀይ አፈር። የኛን የወላይታን አፈር በውሃ በጥብጠው የጣውላ ጠርዝ ይቀባሉ። ጣውላውን በድንጋዩ ፊት ላይ ሲጎትቱት ከፍ ያለው ቦታ ይቀላል፣ ዝቅ ያለው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የምትነቅሰው የቀላውን ብቻ ነው። መዶሻውን ታነሣዋለህ እንጂ አትገፋውም፤ በራሱ ክብደት ይወድቃል። "የሚገፋ ሰው ድንጋዩን ያቆስለዋል" ይሉ ነበር። ለበቆሎ በጥርሶቹ መሐል የሚወጣው ቦይ ሰፋ ይላል፣ ለጤፍ ጠበብ። ሃላሌ ደግሞ ሰው ደረቅ ካሳቫ ቀላቅሎ ያስፈጫል። ካሳቫ ቦይ ይደፍናል፤ ጠለቅ ካላደረግከው ሳይቆዩ መልሰው ይጠሩሃል፣ እየተሳደቡም ነው የሚጠሩህ።

አዲስ የተወቀረ ድንጋይ መጀመሪያ የሚያወጣው ዱቄት አሸዋ አለበት፤ ይደፋል። እሳቸው ግን ሳይደፉት አመድ ይቀላቅሉበት ነበር።

"ለሚደፋ ነገር አመድ ምን ይሠራል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የራበው ሰው ነጭ ዱቄት መሬት ላይ አይቶ አያልፍም። አመድ ካየበት ይተወዋል። ጥርሱም ይተርፋል፣ ክብሩም።"

ቀልድም ያውቁ ነበር። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ጴንጤ። ረቡዕ ቀን መዶሻዬ ሲስት "ዛሬ ሥጋ በልተህ መጥተሃል፤ መዶሻው ሸተተው" ይሉኛል። እኔም አልተኛላቸውም፦ "እርስዎስ ዓርብ ለት ሲስቱ ምን በልተው ነው?" እላለሁ። "ረሃቤን ነዋ!" ይላሉ።

ክፍያው አንዳንዴ በብር ነበር፣ አንዳንዴ በዱቄት። እሱን ልለፈው።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። የዘነበች እናት፣ የአዋ ዳና ሴት ልጅ፣ የሞተችው በወሊድ ነው። የአዋ ዳና ሚስትም ቀደም ብለው አርፈዋል። ሕፃኗን ዘመድ ይውሰዳት ሲባል እሳቸው እምቢ አሉ። ፀጉሯን እንኳ ራሳቸው ነበሩ የሚሠሩላት፣ በዚያ ድንጋይ በቆራረጠው ጣት። የጎረቤት ሴቶች በአጥር ላይ እያዩ "አዋ ዳና፣ ቦይ ነው እንዴ የሚያወጡላት?" ይላሉ። እሳቸውም ቀና ሳይሉ ሹሩባውን ቀጥ ለማድረግ ይታገላሉ። ያኔ ሥራቸውን ወደው ዝም ያሏቸው ይመስለን ነበር።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ወሬ የለም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ድንጋዩ ያገሳል፤ ሰው የሚግባባው በእጁ ነው። ጡጫ ማለት አጥብቅ፣ የተዘረጋ መዳፍ ማለት አላላ፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ ማለት ተመስገን፣ ጨረስን። አዋ ዳና ይህን ቋንቋ ቤት ይዘውት ገቡ። ትንሿ ዘነበች በብርድ ቀን ጡጫ ስታሳያቸው ጋቢያቸውን ያጠብቃሉ። እኛ እንስቃለን። ፍቅር ነው አልን። ፍቅርም ነበር።

ከፍ ስትል ከትምህርት ቤት ምሳቸውን ይዛ ትመጣ ጀመር፤ ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የሚሠራ ፎሰሴ፣ በዳጣ በርበሬ። ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ትቆማለች። አዋ ዳና ይመቱና ዓይናቸውን እሷ ላይ ይተክላሉ። ራሷን ስትነቀንቅ "ደህና ነው" ይላሉ።

አንድ ቀን "ድንጋዩን ትተው ልጅቷን ነው የሚያዩት" ብዬ ቀለድኩ። ከኋላቸው ነበርኩ። አልመለሱልኝም።

አለመመለሳቸው እየበዛ ሄደ። አንዳንዴ "አዋ፣ እንደምን አደሩ" ስላቸው ስልቻቸውን መፍታት ይቀጥላሉ። ከከተማ ውጭ ሥራ ሲመጣም ትምህርት በማይኖርበት ቀን ካልሆነ አይቀበሉም። በሌላ ቀን የጠራቸውን "አይመቸኝም" ብለው ይመልሱታል። እኔ ደግሞ ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ብቻዬን መሥራት አምሮኛል። "አዋ፣ አንዱን ሥራ ለኔ ይተዉልኝ እንጂ" ብዬ ጎንበስ ባሉበት ለመንኳቸው። መዶሻቸው ቀጠለ። ደግሜ አልለመንኩም። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ "ሰውዬው ንቆኛል" አልኳት።

"ፊት ለፊት ጠይቃቸው" አለችኝ።

"ከጀርባ ያልመለሰ ከፊት ምን ይመልሳል?" አልኩ። የሰው ልጅ እንዲህ ነው፤ መልሱን በአፉ ይዞት ይሄዳል፣ አያውቀውም።

የዲምቱው ባለወፍጮ የመጣው በክረምት መግቢያ፣ ሰው እህል ሸምቶ በሚበላበት ጊዜ ነው። ድንጋዩ ለስልሶ ወፍጮው ቆሟል፤ ሌላ ድንጋይ አስመጥቷል፤ ወቅረው እንዲገጥሙለት በራሱ መኪና ሊወስዳቸው መጣ። አዋ ዳና "አይመቸኝም" አሉ። ሰውየው ፊት ለፊታቸው ቆሞ "አዋ ዳና፣ ሴቶቹ በቆሎአቸውን በራሳቸው ተሸክመው የት ይሂዱ?" አላቸው። ይኼኛው ገባቸው። ተነሡ። ዘነበች ያን ቀን የሚኒስትሪ ፈተና ላይ ነበረች።

ዲምቱ ስንደርስ ገበያ ነው። ሴቶቹ ከነጆንያቸው ወፍጮ ቤቱን ከበውታል። አዲሱ ድንጋይ ከመኪና ሲወርድ ከሰዎች እጅ አምልጦ መሬት መትቶ ነበር፤ ይህን ማንም አልነገረንም። እኔ ከውጭ ድንጋዩን የሚያዞረውን የሞተር ቀበቶ ሳስተካክል እሳቸው ድንጋዩን አንጠልጥለው መቱ። ሴቶቹ በኋላ እንደነገሩኝ፣ መትተው መዳፋቸውን ለጠፉበት፤ ደግመው መትተው ጉንጫቸውን ለጠፉበት። ብዙ ቆሙ። ዙሪያቸውን አዩ፣ ሰው የሚፈልጉ ይመስል። ከዚያ "ደህና ነው" አሉ።

ስገባ ወቅረው ሊጨርሱ ነበር። አጠገቡ የእንጨት መዶሻው ተቀምጧል። ታላቅ መትቷል። አልነካሁትም።

ገጠምነው። ሞተሩ ተነሣ። አሸዋ ያለበትን ዱቄት አስወጣን፣ አዋ ዳና አመዳቸውን ቀላቀሉ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ በቆሎዋን ስታፈስስ እኔ ዱቄቱ መውጫ ላይ እጄን ዘርግቼ ልመቱን እመለከታለሁ። ያኔ ድንጋዩን ከሸፈነው የብረት ቀፎ ውስጥ "ጥቅ" የሚል ነገር ሰማሁ። ሞተር የሚያጠፋው እጀታ አጠገብ የቆሙት አዋ ዳና ናቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ።

"አዋ! ያጥፉት!" አልኩ።

ዞር አላሉም።

"አዋ!"

ሴቶቹ ሰምተው ሮጡ። አዋ ዳና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሞተሩን ጭስ ይመለከታሉ። ከዚያ ድንጋዩ ተበተነ። አንዱ ስባሪ ቀፎውን ቀዶ ዳሌዬን መታኝ። ስወድቅ የመጨረሻ ያየሁት ያን ጀርባ ነው።

ሶዶ ሆስፒታል ብዙ ወራት ተኛሁ። እግሬ አልተቆረጠም፤ አልዳነምም። አዋ ዳና እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዘነበችን አስከትለው ይመጣሉ። ብርቱካን ይልጡልኛል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። አንድ ቀን ግን አልቻልኩም። ፊቴን ሳልመልስ ለግድግዳው ተናገርኩ።

"እርስዎ ነዎት የገደሉኝ። ስጮህ ሰምተው ነው የተዉኝ። ንቀውኝ ነው። ያ መዳፍዎ ይድረቅ።"

 ቀስ ብዬ ዞር ስል ፈገግ ብለዋል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "እግዜር ይማርህ ልጄ፣ እግዜር ይማርህ" አሉና ብርቱካኑን እጄ ላይ አኖሩት። ይሳለቁብኛል አልኩ። ብርቱካኑን መሬት ጣልኩት። ዘነበች አነሣችው።

አዋ ዳና ከዚያ ወዲህ ድንጋይ አልነኩም። ከሆስፒታል ስወጣ መዶሻዎቻቸውን በሙሉ ከነስልቻው በዘነበች እጅ ላኩልኝ። ተቀበልኩ። "አመሰግናለሁ በዪልኝ" አላልኩም። በእነዚያ መዶሻዎች እያነከስኩ ልጆቼን አሳደግኩ። አረካ ሄድኩ፣ ሃላሌ ቁልቁለት ወረድኩ። "እግርህን ምን ሆንክ?" ሲሉኝ "አዋ ዳናን ጠይቁት" እላለሁ፤ ሳልጠየቅም እናገራለሁ። ድንጋይ መትቼ ግን "ና አንተም ምታ" እል ነበር፤ ከኔ ጋር የሠራ ሁሉ ያውቃል። ያን ሕግ ከዲምቱ ወዲያ አልተከተልኩትም።

በየጊፋታው ሽማግሌ ይልኩብኝ ነበር። በኛ አገር የዘመን መለወጫ ሥጋ ከመበላቱ በፊት የተጣላ ይታረቃል። ሽማግሌዎቹ "ጎበዜ፣ ሰውየው ቤቱ ጠብቆሃል" ይሉኛል። "አልተጣላንም፤ ምን እንታረቃለን?" እያልኩ እመልሳቸዋለሁ። ሰፈሩ በኋላ በኋላ የጆሯቸውን ነገር ሳያውቅ አልቀረም። እኔ ግን ደጃቸውን አልረግጥም፣ ስለ እሳቸው የሚነግረኝንም አልሰማም ነበር።

እሳቸው ያን ጊዜ ሁሉ አያት ሆነው ኖሩ። ዘነበችን እስከ ትምህርት ቤት በር ይሸኛሉ፤ ስትመረቅ ጋቢያቸውን አጥበው ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። የወለደቻቸውን ልጆችም ጭናቸው ላይ አስተኝተዋል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሕፃን አዝለው አየኋቸው። መንገዱን ተሻገርኩ። እጃቸውን አነሡ። እኔ አላነሣሁም።

ሲሞቱ ለቅሶ ሄድኩ፤ ቀብር አይቀርም። ድንኳኑ ውስጥ ዘነበች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጋሽ ጎበዜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አትናገሪ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ሞቷል።"

"ምን?"

"አያቴ አይሰማም ነበር። ከዲምቱ በፊት ጀምሮ። የድንጋዩን ድምፅ የምሰማለት እኔ ነበርኩ።"

የድንኳኑ ሰው ያለቅሳል፤ እኔ ግን የማየው ያን ጀርባ ነው። እጅ ወደ ኋላ የተጣመረበትን።

"ለምን ደበቁ?" አልኳት።

"'ጆሮ የሌለው ወቃሪ ማን ይጠራዋል? ካልጠሩኝ አንቺን በምን አስተምራለሁ?' ይለኝ ነበር። ያን ቀን ፈተናዬን ትቼ ብሄድ ኖሮ..."

"ዝም በይ" አልኳት። "ብትሄጂ ኖሮ አስተማሪ አትሆኝም ነበር። እሳቸውም አይፈቅዱልሽም።" ይህን ያህል ለመናገር አንደበት ነበረኝ። ሌላ ግን አልወጣኝም። አፈር ለብሰዋል፤ ለማን ልናገር?

እንግዲህ እስከዚህ ጽፌ ዘንድሮ ከቤቴ ጓሮ አቮካዶው ሥር ቁጭ ብለን አነበብኩላት። የሆስፒታሉ ላይ ስደርስ "ያ መዳፍዎ ይድረቅ" የሚለውን ዘልዬ ላልፍ አሰብኩ፤ ግን አነበብኩት። ዘነበች እጄን ያዘች።

"እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ትዝ ይልሃል?"

"ትዝ ይለኛል። እግሬ ሥር ቆመሽ ነበር።"

"አንተ ወደ ግድግዳው ስለዞርክ አፍህን ማየት አልቻለም። ምን እያለ ነው ብሎ በእጁ ጠየቀኝ።"

"አንቺስ?"

ሁለት መዳፏን ዘርግታ ወደ ላይ አነሣች፣ ሽማግሌ ሲመርቅ እንደሚያነሣው።

"'ይመርቅሃል' አልኩት። ልጅ ነበርኩ፣ ጋሽ ጎበዜ። ያልከውን በየት እጄ ልንገረው?"

ፈገግታቸው ታየኝ። እንባ ያቀረረው ዓይናቸውም።

"ቤት ስንገባ 'ጎበዜ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው? እግሩን አሳጥቼው ይመርቀኛል' አለ። እስኪሞት እንዲህ ሲል ኖረ። በየጊፋታው ስትቀር እንኳ 'እግሩ አስቸግሮት ነው፤ ልቡማ እኔ ጋ ነው' ይል ነበር። አጠፋሁ ይሆን?"

"አላጠፋሽም" አልኳት። "አላጠፋሽም፣ ልጄ።"

 አረካ የሚሄደውን ሚኒባስ እንዳታጣ ሸኘኋት።

አዋ ዳና ተመርቀው ሞቱ። የመረቀቻቸው ግን አንዲት ልጅ ናት፤ እኔ አልነበርኩም። በማግስቱ እያነከስኩ መቃብራቸው ሄድኩ። የሚገባቸውን ምርቃት ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ እጄንም አነሣሁ። አሁን ግን በመሐላችን ቆሞ፣ ያልኩትን በእጁ የሚነግርልኝ ሰው የለም።